ጨው የሌለው በርበሬ

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ ያበላችኝ ቦሎቄ ነው። ዐቢይ ጾም ስለነበር ዶሮ የለ፣ ጥብስ የለ። መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለችው ቤታችን በጎረቤትና በዘመድ ተሞልታ፣ ሁሉም ሻንጣዬን እያየ ተቀምጦ፣ ድስቱ መሐል ሲቀርብ አክስቴ ክዳኑን ከፈት አድርጋ "ኧረ አስካለ፣ አውሮፕላን ለምትሳፈር ልጅ ቦሎቄ? አጠገቧ የሚቀመጠው ሰውዬ ምን በደለ?" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን አልሳቀችም። "ቦሎቄ ሆድ ይይዛል" አለች። "እዚያ የሚያበላት ማን አላት?"

ከዚያ በሰው ፊት እንደ ሕፃን ታጎርሰኝ ጀመር። አንዱን ውጬ ሳልጨርስ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብላ ደገመችኝ። ሦስተኛውን ስታመጣ ወጡ አገጬ ላይ ተንጠባጠበ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ያ ወጥ እስከ አዲስ አበባ ጫፍ የሚያስነጥስ፣ ቦሎቄው ገሚሱ ተደፍጥጦ መረቁን ያወፈረ፣ ከዘይቱ ላይ ጦስኝ ጦስኝ የሚል ነበር። አሁን ሳስበው ምራቄ ይመጣል፣ ንዴቴም አብሮ ይመጣል።

አዎ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። አገር ቤት ላላችሁትም፣ እንደኔ በየሰው አገር ለተበተናችሁትም። የስደት ታሪክ ሲጻፍ ሰው የሚጠብቀው በረሃና ባሕር ነው፤ እኔ በሕጋዊ ቪዛ፣ በአውሮፕላን፣ የጀርመንኛ ፈተና አልፌ የሄድኩ ነኝ። የበደለኝ ደላላ የለም፣ ፖሊስም አልመታኝም። የከዱኝ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። እሱ ነው የከበደኝ።

ስለ እናቴ በርበሬ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ነገሩ የሚፈታው እዚያ ላይ ነውና። እናቴ በርበሬዋ ውስጥ ጨው አትጨምርም። በሰፈራችን እንዲህ የምታደርግ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ጎረቤት የሚያሰናዳው ጨው አለው፤ ወፍጮ ቤት የሚሸጠውማ ገሚሱ ጨው ነው። እሷ ግን "ጨውማ የባለ ድስቱ ነው" ትላለች። "እኔ እዚህ ተቀምጬ የሌላ ሰው ወጥ ላይ ምን አዘዘኝ? ቀምሶ ያድርግ።" የሰሜን ሸዋ ልጅ ናትና ከሌላው ቅመም ጋር ደረቅ ጦስኝ ታስፈጭበታለች፤ ዕቃውን ስትከፍቱት መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ጦስኙ ነው። ደግሞ የበርበሬ ዕቃ ባዶ አይሆንም። ጥቂት ሲቀረው አዲሱ እላዩ ላይ ይገለበጣል፣ በረከቱ እንዳይነጥፍ።

ያን ዕለት ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ይልቅ ቦታ የያዘው ይኸው በርበሬ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ሻንጣውን መኪና ላይ ሲጭን በሩ ላይ አቀፍኳትና "ሦስት ዓመት ነው እማዬ። ትምህርቱን ጨርሼ እመጣለሁ። ጠብቂኝ" አልኳት። "እጠብቅሻለሁ። የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?" አለችኝ። ይህቺን ቃሏን ያዙልኝ።

ፍራንክፈርት ስደርስ ጉምሩኩ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ወጣት ነው፣ ጢሙ እንኳን በደንብ አልወጣም።

"ይሄ ምንድነው?"

"በርበሬ።"

"ፓፕሪካ?"

"አይደለም። በርበሬ።"

"ለሽያጭ ነው?"

"ለወጥ ነው።"

"ይሄ ሁሉ? ስንት ሰው ነሽ?"

"አንድ።"

አላመነኝም። ፌስታሉን ፈታና አፍንጫውን ሰዶ በረጅሙ ማገ። ምስኪን፣ የእናቴን በርበሬ እንደ ሽቶ ነው ያሸተተው። ማስነጠስ ጀመረ፣ እንባው ወረደ፣ ጓደኛው መጥቶ ትከሻውን ሲይዘው በእጁ ብቻ ሂጂ ሂጂ አለኝ። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ያን ቀን እስኪበቃት ሳቀች። "ጨው የለውም ብለሽ አልነገርሽውም?" አለችኝ።

የደረሰኝ ከተማ ካሰል ይባላል። የሄድኩት ለአውስቢልዱንግ ነው፤ እየሠሩ መማር ማለት ነው። የምሠራው አልተንሃይም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ። ብርዱን አልነግራችሁም፣ ብርዱንማ ሰምታችሁ ለምዳችሁታል። የምግባቸውን ነገር ግን መናገር አለብኝ። ማታ እራት ብለው ቀዝቃዛ ዳቦ በአይብ ይበላሉ፤ እኛ ቤት ይህ የታመመ ሰው ቁርስ ነው። ቦሎቄ ሱፐርማርኬት አለ፣ በቆርቆሮ የታሸገ፣ ስኳር የገባበት። ቦሎቄ ውስጥ ስኳር የጨመረ እጅ ምን እንደሚባል እስካሁን ስም አላገኘሁለትም። በኋላ የቱርኮች ሱቅ ውስጥ ደረቁን አገኘሁና እፎይ አልኩ።

እና እሁድ ከእናቴ ጋር የማበስልበት ቀን ሆነ። ቅዳሜ ቦሎቄውን ዘፍዝፌ አሳድራለሁ፤ እሁድ ውሃውን ደፍቼ፣ በሌላ ውሃ ቀቅዬ፣ ሽንኩርት ስከትፍ እደውልላታለሁ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በደረቁ ነው የሚቁላላው። በቪዲዮ ላሳያት ስል አትወድም፤ ዓይኗ ደክሟል። "ስልኩን ድስቱ አጠገብ አድርጊው" ትለኛለች። አደርገዋለሁ። እሷ መካኒሳ ሆና የካሰል ሽንኩርት ታዳምጣለች።

"ገና ነው። ውሃው አልወጣለትም፣ አትሰሚውም እንዴ ሲንጫጫ? አማስዪው።"

ትንሽ ቆይታ፣ "አሁን ዝም አለ። ዘይቱን አድርጊ።"

በርበሬው ሲገባ ደግሞ "አሳርሽው፣ ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ ቶሎ" ትላለች፣ በእርግጥም ሊያርብኝ ሲል። ቁሌቱ ሲደርስ ቦሎቄውን እጨምራለሁ፣ ገሚሱን በጭልፋ ጀርባ እደፈጥጠዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ መከለሻ። "ጨው አደረግሽበት?" የሁልጊዜ መደምደሚያዋ ይህ ነው። "አደረግሁ" ስላት "በይ ብዪ፣ እኔም ልብላ" ብላ ትዘጋዋለች። ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንድ እሁድ አንድ ላይ የበላን ይመስለኝ ነበር።

በዚህ ወጥ ምክንያት ከአከራዬ ከሄር ቮልፍ ጋር የተነጋገርነውን ልንገራችሁ፤ ሄር አቶ ማለት ነው። ፎቁን የያዘው እሱ ነው፣ ምድር ቤቱን እኔና ሰላም። ሰላም የፉሪ ልጅ ናት፣ ከእኔ በፊት መጥታ ትምህርቷን የጨረሰች፣ ክፍል የምንጋራ፣ እኅቴ የምላት። አንድ እሁድ ሄር ቮልፍ በሩን አንኳኩቶ ሰዓቱን እያሳየኝ "ይቅርታ፣ ሽንኩርት ለምን ያህል ጊዜ ነው የምትጠብሺው?" አለኝ።

"እስኪደርስ።"

"የእኔ ሚስት ሽንኩርት በአምስት ደቂቃ ትጨርሳለች።"

"እሱማ ጥሬ ነው።"

"ሃውስኦርድኑንግ የሚባል የቤት ደንብ አለ። እሁድ ዕረፍት ነው። ጩኸት ክልክል ነው።"

"ሽንኩርት አይጮህም ሄር ቮልፍ።"

"ሽታው ይጮሃል" አለኝ። ሰላም ከውስጥ በሳቅ ፈነዳች። ይባስ ብሎ ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ መጠቆሚያ በዚያው ቅጽበት እየጮኸ ሰውዬውን ደገፈው። ከዚያ ወዲህ በርበሬ ሳስገባ እሷ ወንበር ላይ ወጥታ መጠቆሚያውን በሻወር ቆብ ትሸፍንልኛለች። አብረን ያን ያህል የተማመንን ሰዎች ነበርን።

ሥራ ቦታ የገረመኝ ነገር አንድ ብቻ ልጨምር። ፈረንጅ ሞትን ፊት ለፊት ነው የሚናገረው። አንዲት አሮጊት እኔ ተረኛ በሆንኩበት ጠዋት አረፉ። ኃላፊዋ ነርስ ወዲያው ስልኩን አንስታ ለልጃቸው ደወለችና "እናትሽ አሁን ጠዋት አርፈዋል" አለቻት፣ በቃ፣ የአየር ሁኔታ እንደምትናገር። ልጅቷ መንገድ ላይ ትሁን፣ ብቻዋን ትሁን፣ ቁርስ ትብላ አትብላ ሳትጠይቅ። ያን ቀን ለእናቴ "አረመኔዎች ናቸው" ብዬ ነገርኳት። እናቴ "የኛ መርዶስ መቼ ማለቁ ነው" አለች። ያኔ አልገባኝም፤ አሁንም በደንብ አልገባኝም።

ባለፈው ኅዳር የእሁዱ ስልክ ተቋረጠ። ዳዊት ነው የደወለልኝ፤ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የስልክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለችው። "የእማዬ ስልክ ወድቆ ተሰበረ" አለኝ። የስልክ ነጋዴ እናት ስልኳ ተሰብሮ ሳምንት ስትቀመጥ አይገርምም? ገረመኝ፣ ግን አመንኩት። ቀጥሎ ጉሮሮዋን አመማትና ድምፅዋ ተዘጋ ተባለ። ቀጥሎ ጠበል ገባች፣ ስልክ የማይሠራበት ሩቅ ገዳም። "እሁድ እሁድ ሄጄ አያታለሁ። ድምፅዋን ቀድቼ ከተማ ስደርስ እልክልሻለሁ" አለኝ።

ላከልኝም። "ራሂዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱን ተጠንቀቂ። ጥናትሽን እንዳትተዪ።" ለገና ደግሞ "እንኳን አደረሰሽ የኔ ልጅ" የሚል መጣ። እኔ መልሼ ምን በላሽ፣ ማን ያነሳሻል፣ ጠበሉ አይበርድም ወይ እያልኩ እቀዳለሁ፤ የምትመልሰው ግን አንዱንም አይደለም። ደህና ነኝ፣ ጥናትሽን እንዳትተዪ። የጥምቀቱ መልእክት ላይ ከድምፅዋ ጀርባ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ይሰማል፣ ያውም ዶፍ። "ዳዊት፣ በጥር ዝናብ?" ብዬ ጻፍኩለት።

"አየሩ ተቀይሯል እኮ" ብሎ መለሰልኝ። እኔም ጅሏ፣ የአዲስ አበባ አየር እንዲህ ተበላሸ እንዴ እያልኩ ሥራ ቦታ አወራሁ።

ሰላም በጥር ለዕረፍት አገር ቤት ሄዳ ነበር። ስትመለስ በርበሬ አመጣችልኝ። አቅፋኝ ቆየች፣ ከወትሮው የቆየች መሰለኝ። "እማማ አስካለ ጠበል ስለሆኑ አላገኘኋቸውም" አለችኝ። "በርበሬውን ግን ከመሄዳቸው በፊት በእጃቸው አሰናድተው አስቀምጠውልሽ ነበር።" በእጃቸው። ይህቺን ቃል ማን አስገደዳት? ዝም ብላ ብትሰጠኝ አይበቃም ነበር?

የአሮጌው በርበሬ አንድ እፍኝ የማትሞላ ቀርታኝ ነበር። እንደ ቤታችን ልማድ አዲሱን እላዩ ላይ ገለበጥኩት፣ በማንኪያ አዋሃድኩት፣ ከደንኩት።

የጾሙ መጀመሪያ ቅዳሜ ለሰላም ብዬ ቦሎቄ ሠራሁ። ለውለታዋ መሆኑ ነው እንግዲህ። ቀን ነው፣ ፀሐይ አለ፣ መስኮቱ ክፍት ነው። በርበሬውን ቁሌቱ ላይ ሳደርግ ጦስኙ አልመጣም። አፍንጫዬ ታፍኖ ይሆናል አልኩ። ወጡ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው፣ እጄ እንደለመደው፣ ጨው አደረግሁበት። ሰላም ጎረሰች። ማኘክ አቆመች፣ ዋጠች፣ ውሃ ጠጣች፣ "ይጥማል" አለችኝ። ስጎርስ አፌ ተቃጠለ፣ በበርበሬ አይደለም። ወጡ ባሕር ነው። ጨው ብቻ።

ተነሥቼ ዕቃውን ከፈትኩ፣ ከበርበሬው ጣቴ ላይ አድርጌ ቀመስኩ። ጨው አለው።

"ሰላም፣ ይሄ የእማዬ አይደለም።"

"እ... ምናልባት ዘንድሮ..."

"እማዬ በርበሬዋ ውስጥ ጨው አታደርግም። ሞታ ካልሆነ በስተቀር አታደርግም።"

እንዲሁ ለነገሩ ነው ያልኩት። ሰው በንዴት እንደሚናገረው ነው የተናገርኩት። ሰላም ግን እጇን ከእንጀራው ላይ አነሳች፣ ፊቷን በክርኗ ሸፈነችና ማልቀስ ጀመረች። እኔ ቆሜ ነበር። ማንኪያው እጄ ላይ ነበር። እንደዚያ ነው መርዶዬን የሰማሁት፣ በበርበሬ ዕቃ ፊት ለፊት ቆሜ።

እናቴ ኅዳር ላይ ነው የሞተችው፣ ጉበቷ ነበር። ሰላም አገር ቤት ሄዳ ቤታችን ተቀምጣ አልቅሳ መጥታለች፤ ድንኳኑ የተተከለበትን ቦታ አይታለች። በርበሬው ከጋርመንት ወፍጮ ቤት ዳዊት ገዝቶ የሰጣት ነው። "አስምለውኝ ነው" አለችኝ። "ፈተናሽን እስክትጨርሺ ተብሎ ነው። ስንት ቀን ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ..." አላስጨረስኳትም። ለማታውቁት፣ እኛ ዘንድ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ቀን ተመርጦ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጠዋት በማለዳ ቤትህ ድረስ ተመጥቶ ነው። ለካ የእኔም ቀን ተቆርጦ ኖሯል፣ ከፈተናው ማግስት። ካሰል ያለው አበሻ ሁሉ ያውቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቶቹ እያቀፉ ሲስሙኝ፣ "ጎበዝ ልጅ" ሲሉኝ፣ ተወዳጅ የሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ሲያዝኑልኝ ነው። ማን ሽንኩርት እንደሚልጥ ሳይቀር ለለቅሶዬ ተመዳድበው ጨርሰው ነበር፤ ያልተነገረኝ እኔ ብቻ።

ለዳዊት ደወልኩ። ቶሎ አነሳው። ምንም ሳልል "ጨው አለው" አልኩት። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። ሲያለቅስ ሰማሁት፤ አላዘንኩለትም።

"ዝናቡስ?" አልኩት። "በጥር የዘነበው ዝናብ?"

"ነሐሴ ላይ የተቀዳ ነው ራሂ። እሷ ናት ቅዳኝ ያለችው። ሐኪሙ ከነገራት በኋላ። ለገና ይሄን፣ ለጥምቀት ይሄን፣ ብላ አንድ ባንድ... እኔ እምቢ ብያት ነበር። እግዜር ያውቃል፣ እምቢ ብያት ነበር።"

ነሐሴ። በነሐሴ እኮ እሁድ እሁድ እያወራኋት ነበር። ቅዳሜ ከሞቷ በኋላ የሚላክ ድምፅ እየቀዳች፣ እሁድ ከእኔ ጋር ገና ነው፣ አማስዪው እያለች። ዳዊትን ልርገመው፣ ሰላምን ልጣላት፤ እናቴን ግን ምን ላድርጋት? የዋሸችኝ እሷው ናት። "የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው" ያለችኝ ሴትዮ መሄዷን እያወቀች ደብቃኛለች። ብታስጠራኝ እሄድ ነበር። ትምህርቱ ይቅር ነበር። እግሯን አጥባት ነበር፣ እኔ አጉርሳት ነበር። የሰው እናት እያጠብኩ የሰው እናት እያጎረስኩ ነው የእኔዋ የሞተችው፤ ይህን ያደረገችብኝ ደግሞ ለጥቅሜ ብላ ነው።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሄጄ ኃላፊዋን ፍራው ብራንትን ለእናቴ ቀብር ባይሆን ለመቃብሯ ፈቃድ ጠየቅኳት።

"ሄርዝሊሸስ ባይላይድ" አለችኝ፣ ነፍስ ይማር ማለታቸው ነው። "መቼ ነው ያረፉት?"

"ኅዳር ላይ። ኖቬምበር።"

"የዚህ ዓመት... ያለፈው ኖቬምበር?"

"አዎ።"

"አሁን እኮ ማርች ሊገባ ነው። የሐዘን ፈቃድ የሚሰጠው ሞቱ እንደተከሰተ ነው።"

"ለእኔ የሞተችው ቅዳሜ ነው።"

"ይህንን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?"

"ወጡ ጨው በዛበት" አልኳት። ተነሥታ ውሃ ቀዳችልኝ። ፈቃዱን ግን አልሰጠችኝም፤ ከፈተናው በኋላ አለችኝ። ሁሉም ሰው፣ ነጩም ጥቁሩም፣ ከፈተናው በኋላ። ያቺ አረመኔ ያልኳት ነርስ ትዝ አለችኝ። ያቺ በስልክ የተነገራት ልጅ በዚያው ጠዋት መጥታ የእናቷን እጅ ሳይቀዘቅዝ ይዛለች። ቀናሁባት።

ፈተናውን አለፍኩ። ደስ ይበላችሁ። አማረልሽ ያላችሁም አላችሁ፣ በስልክ እልል ያላችሁም አላችሁ። አንድም ሰው ይቅርታ አላለኝም፤ "አየሽ፣ ለዚህ ብለን ነው" ነው ያላችሁኝ። ከሰላም ጋር አንድ ክፍል ነው ያለነው፣ ዛሬም። ድስቷን ታጥባለች፣ ድስቴን አጥባለሁ። እኅቴ የሚለውን ቃል ግን እስካሁን ከአፌ አላወጣሁትም።

ዳዊት የፈተናዬን ውጤት እንደሰማ አንድ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ነሐሴ ላይ ከተቀዱት የመጨረሻው ነው፣ ትምህርቴን ስጨርስ እንዲላክ የተባለው። አልከፈትኩትም። ስልኬ ውስጥ አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ቦሎቄ ዘፍዝፌ አሳደርኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እጄ ነው የሠራው። የቀረውን በርበሬ ለመጣል ሦስት ጊዜ ዕቃውን አንስቻለሁ፤ ግን ያቺ እፍኝ የማትሞላ የእናቴ በርበሬ እውስጡ አለች፣ በገዛ እጄ ያዋሃድኳት፣ አሁን ማንም ለይቶ የማያወጣት። እንዴት ልጣለው? እሁድ ሽንኩርቱን ከትፌ ድስቱን ጥጄ፣ እጄ እንደለመደው የእናቴን ቁጥር ደወልኩ። ዳዊት አነሳው። ስልኩን ሱቁ ውስጥ ቻርጅ እያደረገ ያስቀምጠዋል።

"ራሂ? ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ጥናቴንም አልተውኩም።"

ገባው።

"የመጨረሻውን ሰማሽው?" አለኝ ቆይቶ።

"አልሰማሁትም።"

"ለምን?"

"እሱን ከሰማሁት በኋላ የምትነግረኝ ነገር አይኖራትማ።"

የታክሲ ረዳት ከሱቁ ውጪ ሲጣራ ይሰማል፤ ለቡ፣ ሃና ማርያም፣ ፉሪ። ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ መንጫጫት ጀመረ። ስልኩን ወስጄ ድስቱ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"ምንድነው እሱ?" አለ ዳዊት።

"ሽንኩርት ነው። ስማው። ደርሷል ወይስ ገና ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ራሂ?"

"የእሷን ስልክ ይዘህ የለ እንዴ? የእሷን ድምፅ ስትልክልኝ አልነበር? በል ንገረኝ፤ ደርሷል ወይስ ገና ነው?"

ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ዝም አለ። ዘይቱን አላደረግሁም፤ ቆሜ ጠበቅሁ።

"ዳዊት።"

"እየሰማሁ ነው" አለኝ።

ማረር ሲጀምርም እየሰማ ነበር።